ለየቀኑ የሚሆን ፒክአፕ አመራረጥ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ ለሚያስብ ሰው

"የቶዮታው ሀይሉክስ ይሻላል ወይስ የኢሱዙው ዲማክስ?" ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ንገሩኝ። የት ነው የምትነዱት?

ሰሜን ሸዋ በካርታ ላይ አንድ አገር ነው። ለመኪና ግን አንድ አይደለም። ከደብረ ብርሃን በጫጫና በሸኖ አድርጎ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው ያለው፣ ደጋ ለደጋ። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ደግሞ ሞተሩን ሳይሆን ፍሬኑን ነው የሚነዳው። እነዋሪ ያለ ገበሬ ክረምት ሲገባ ከመረሬ፣ ከሚጣበቀው ጥቁር አፈር ጋር ነው ትግሉ። ዓለም ከተማ የሚሄደው ከለሚ በኋላ የጀማን ሸለቆ ወርዶ መልሶ ይወጣል። እነዚህ አራት ሰዎች አንድ ዓይነት መኪና ቢገዙ ቢያንስ ሁለቱ ገንዘባቸውን አለቦታው አውለዋል።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው፦ መኪናውን ግዙት በሳምንት አምስት ቀን ለምትሄዱበት መንገድ። ለጥምቀት መንዝ ዘመድ ጋ ለምትገቡባት አንዲት ቀን ብላችሁ ዓመቱን ሙሉ የማትነኩትን ፎር ዊል፣ ትልቅ ጎማና ከባድ ባሌስትራ (ከኋላ ጭነቱን የሚሸከመው ባለ ቅጠል ብረት) ተሸክማችሁ አትዙሩ። ለዚያች ቀን መኪና መከራየት ይቻላል።

ስለ ከፍታው ማንም አያወራም

ደላላማ ጭራሽ አያነሳውም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። ጣርማበር ከ3,000 ያልፋል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩን ራሱ ስቦ ስለሚያስገባ የሚያገኘው ትንሽ ነው፣ አየር ካነሰ ደግሞ የሚያቃጥለው ነዳጅም ያንሳል፣ ጉልበቱም እንዲሁ። በግምት ሩቡን ያጣል በሉት። ወረቀቱ ላይ 95 ፈረስ ጉልበት አካባቢ የተጻፈለት ባለ 3 ሊትር የቶዮታ ፋይቭ ኤል ናፍጣ ሞተር እኛ ጋ ሲመጣ ወደ 70 ይጠጋል። መኪናው ተበላሽቶ አይደለም። አየር አጥቶ ነው።

ቱርቦ ያለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ይህ ጉዳት ብዙም አይሰማውም። ለዚህ ነው ዲ ፎር ዲ የምንለው ባለ 2.5 ሊትሩ ሀይሉክስ በሊትር ከፋይቭ ኤል አንሶ ዳገት ላይ ጥሎት የሚሄደው። አንድ ሰው "ሊትሩ ትልቅ ነው፣ ጉልበት አለው" ብሎ ቱርቦ የሌለውን ሊሸጥላችሁ ሲሞክር ይህችን አስታውሱ።

ግን ፋይቭ ኤልን ለማንቋሸሽ አይደለም። ፓምፑ ሜካኒካል ነው። ኮምፒውተር አይፈልግም፣ የትኛውም ገጠር ያለ መካኒክ ይፈታዋል፣ ነዳጁ ትንሽ ቢቆሽሽም ይታገሣል። ዲ ፎር ዲው ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት ነው የሚረጨው፤ ውሃ ወይም ቆሻሻ ከገባበት ኢንጄክተሮቹ ይሄዳሉ፣ የኢንጄክተር ዋጋ ደግሞ ያስለቅሳል። በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ የምትቀዱ ከሆነ፣ መኪናውም ከጋራዥ ርቆ የሚውል ከሆነ፣ ቀርፋፋው ፋይቭ ኤል የተሻለ ወዳጅ ነው። ከማደያ የምትቀዱና የናፍጣ ፊልትሮውን በጊዜው የምትቀይሩ ከሆነ ቱርቦውን ያዙ። እኔ ብሆን ጣርማበርን በየሳምንቱ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ቱርቦ ከሌለው ጋር ጭራሽ አላስማማም።

ስለ ቤንዚን አጭር ነው። ባለ 2.7 ሊትር ቤንዚን ሀይሉክስ ጸጥ ያለ ነው፣ ጠዋትም ቶሎ ይነሣል፣ ግን ከናፍጣው የበለጠ ይጠጣል፣ ቱርቦ ስለሌለውም ከፍታው ይጎዳዋል። ትንንሾቹ ባለ 1.5 ሊትር የከተማ ማመላለሻዎች፣ እንደ ሱዙኪ ካሪ ያሉት፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሱቅ ሱቅ ዕቃ ለሚያደርስ ሰው አሪፍ ናቸው። አምስት ኩንታል ሽንኩርት ጭኖ ከሸዋ ሮቢት ወደ ላይ መውጣት ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ከከፍታው ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። 2,800 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም፣ 90 አካባቢ ላይ ነው። ብዙ ሰው ራዲያተሩን የቧንቧ ውሃ ሞልቶ ይነዳል። ራዲያተሩ የሚጠበቀው በክዳኑ ግፊት ነው፤ የክዳኑ ጎማ ያረጀ እንደሆነ ግፊቱን አይዝም፣ ዳገት ላይ ውሃው ይፈላል፣ ከዚያ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል። ስለዚህ የምታዩት መኪና ራዲያተር ውስጥ ባለ ቀለም ኩላንት አለ ወይስ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ? ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። ሞተሩ ትኩስ ሳለ አደራ እንዳትከፍቱ። ቡናማ ከሆነ ባለቤቱ ሌላውንም ነገር እንደዚሁ ነው የያዘው።

ቁልቁለቱ

ከጣሊያን ጊዜው ዋሻ በኋላ መንገዱ መውረድ ይጀምራል። ጣርማበር ላይ ጃኬት ለብሶ የተነሣ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ በሸሚዝ ይቀራል። በከፍታ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ነው የሚወረደው። ጭነት ያለው ፒክአፕ ይህንን ሁሉ በፍሬን ልያዘው ካለ ሸራው ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ፔዳሉም ይለሰልሳል። በማርሽ መያዝ ነው መድኃኒቱ። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ የሚለው የድሮ ሹፌሮች አባባል አሁንም ይሠራል። አውቶማቲክ የምትገዙ ከሆነ ዝቅተኛ ማርሽ ላይ በእጅ መቆለፍ የሚያስችል መሆኑን አረጋግጡ።

አሁን ደግሞ ብዙ ገዢ የማያያትን ነገር ላሳያችሁ። ሀይሉክስ ስር ግቡ። ከኋላ አክሰሉ በላይ፣ ሻንሲው (የመኪናው አጽም) ላይ የታሰረች ቫልቭ አለች፤ ከእሷም አንድ ቀጭን ዘንግ ወጥቶ ከአክሰሉ ጋር ተያይዟል። ሥራዋ ጭነት መለካት ነው። መኪናው ሲጫን የኋላው ይወርዳል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ባዶ ሲሆን ደግሞ ይቀንሳል፣ የኋላ ጎማ ቶሎ እንዳይቆለፍ። እና ምን ይሆናል? ሰውየው ብዙ ልጫን ብሎ ባሌስትራ ያስጨምራል። የኋላው ከፍ ይላል። ቫልቧ መኪናው ባዶ የሆነ ይመስላታል። ሰባት ኩንታል ተጭኖበት የኋላ ፍሬኑ እንደ ባዶ መኪና ነው የሚይዘው፣ የፊተኛው ብቻውን ይለፋል፣ ያውም ቁልቁለት ላይ። ስለዚህ ባሌስትራው ላይ የተጨመረ ቅጠል ካያችሁ ዘንጉ ተስተካክሎ እንደሆነ ጠይቁ። በሽቦ ታስሮ ወይም ጭራሽ ተነቅሎ ካገኛችሁት ዋጋ ቀንሱበት፣ ከዚያ አሠሩት።

ባሌስትራ መጨመር ሻንሲውንም ፍሬኑንም አያጠነክርም። ይህንን ስንቴ እንደምናገር እንጃ።

ጋቢናው ስንት ይሁን?

ደብል ጋቢና ሁሉም ይፈልጋል። ቤተሰብ ይይዛል፣ ቆንጆ ነው፣ ሲሸጥም ቶሎ ይወጣል። ግን የኋላ መጫኛው አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ብቻ ነው። ነጠላ ጋቢናው ከሁለት ሜትር በላይ አለው፤ ባለ ሁለት ሜትር ቆርቆሮ ስፖንዳው ተዘግቶ ይገባል። ለግንባታ ዕቃና ለአጠና ነጠላው ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ለሚያደርስና ቅዳሜ ገበያ ለሚወጣ ደብሉ።

አንድ ስሌት ግን አትርሱ። ደብል ጋቢና ሀይሉክስ የሚችለው ጭነት እንደ ሞዴሉ ቢለያይም በአብዛኛው ከአንድ ቶን በታች ነው፣ 850 ኪሎ በሉት። አምስት ጎልማሳ ሰው ከተቀመጠበት 350 ኪሎ ሄደ። የቀረው አምስት ኩንታል ነው። ሰው የጭነት ልክ ሲባል ከኋላ ያለውን ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ መኪናው ግን ጋቢና ውስጥ የተቀመጡትንም ይቆጥራል።

ባዶ ፒክአፕ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ለጭነት የተሠራ ባሌስትራ ባዶውን ሲሄድ ያነጥራል፣ ዝናብ ላይ ደግሞ የኋላው ቀላል ስለሆነ ይንሸራተታል። ጣርማበር ላይ ክረምት ከጉም ጋር ሲደመር ይህ ቀልድ አይደለም። ባዶ ለምትመላለሱ ሰዎች ሁለት ከረጢት አሸዋ ከኋላ አክሰሉ በላይ አስቀምጣችሁ በደንብ አስሩት። ቀላል ነው፣ ለውጡም ይሰማችኋል።

ፎር ዊል ያስፈልጋል ወይ?

ከአስፋልት ለማይወጣ አያስፈልግም። ዋጋው ይጨምራል፣ ክብደቱ ይጨምራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ የፊት ዲፈረንሻሉና ትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው) ደግሞ ዘይት ይፈልጋሉ። ደረቅ ጠጠር መንገድ ላይ ጥሩ ጎማና ረጋ ያለ ሹፌር ይበቃሉ።

መረሬ ላይ ግን ክርክር የለም። ሞረትና ጅሩ፣ ምንጃር፣ ክረምት ላይ ከዋናው መንገድ ሁለት መቶ ሜትር ገባ ካላችሁ ጭቃው ጎማውን ይሞላዋል፣ ጎማው ለስልሶ በባዶው ይዞራል። እዚያ ለሚኖር ሰው ፎር ዊል ቅንጦት አይደለም። ግን ሲገዙ ይፈተሽ! ለዓመታት ያልተነካ ፎር ዊል ብዙ ጊዜ አልገባም ይላል። ጠጠር ወይም ሣር ላይ ወጥታችሁ አስገቡት፣ ከባዱንም ቀላሉንም፣ ትንሽ ንዱ፣ አውጡት። ደረቅ አስፋልት ላይ አትሞክሩት፤ የእነዚህ ፒክአፖች ፎር ዊል መሐል ላይ ዲፈረንሻል ስለሌለው የፊትና የኋላው እርስ በርስ ይጓተታል፣ ትራንስፈሩም ይጎዳል።

ልታዩት ስትሄዱ

በጠዋት ሂዱ። ደብረ ብርሃን ከሆነ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ነፃ መካኒክ ነው። ለባለቤቱ "ሞተሩን እንዳታሞቀው፣ እኛ እናስነሣዋለን" በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ሞቅ ካለ የሆነ ነገር ተደብቋል። በሌላ ቀን ተመለሱ።

ቀዝቃዛ ናፍጣ ሲነሣ ትንሽ ነጭ ጭስ አውጥቶ ቢተው ችግር የለውም። ደጋግማችሁ ሞክራችሁት ካልተነሣ ካንዴላው ወይም ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ሞተሩ ራሱ ግፊት አጥቷል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው። ጥቁር ጭስ ላይ ግን አትቸኩሉ፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በእኛ ከፍታ ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ማጨሱ ከአየሩ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታ አድርጉት። ከዚያ ጭስ በኃይል እየተነፋ ከወጣ ፒስተኑ ጋ ያለው ነገር አልቋል፣ ሞተር ሊከፈት ነው።

ከዚያ ስሩ ግቡ። ፏ ያለ ቀለም አያታልላችሁ፣ ቀለም በሁለት ቀን ይቀባል። ከጋቢናውና ከመጫኛው መሐል ያለውን ክፍተት በሁለቱም በኩል አስተያዩ። ከላይና ከታች እኩል ካልሆነ ወይም ግራና ቀኙ ካልተመሳሰለ ሻንሲው ብዙ ጭነት ቀምሷል። ሻንሲው ላይ ብየዳ ፈልጉ፣ በተለይ ከጋቢናው ጀርባ። ጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፦ 2319 ቢል በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ደህና ሆኖ ጎማው ያረጀ መኪና ብዙ ነው።

ፈተናው ደግሞ ከተማ ውስጥ ሁለት ዙር መዞር አይደለም። ባለቤቱ ከተስማማ ደብረ ሲና ድረስ ውረዱና ተመለሱ። ስትወርዱ ፍሬኑን ስሙት፣ መሪው ወደ አንድ በኩል ይጎትታል ወይ? ስትወጡ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆናችሁ ነዳጅ ስጡት። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ እየሸሸ ነው። የሙቀት ቀስቱም ከመሐል እንዳይንቀሳቀስ ተከታተሉ። "ጊዜ የለኝም፣ እዚሁ ሞክሩት" ካለ፣ እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ።

ደላላው የሚለውን ስሙ፣ ግን አትመኑ። በዚህ አገር የሚሸጥ መኪና ሁሉ ወይ የዶክተር ነው ወይ ውጭ አገር ሊሄድ የተዘጋጀ ሰው ነው። ሽንኩርት የጫነ ፒክአፕ የት እንደሚሸጥ እስካሁን አልገባኝም።

ስለ ታይሚንግ ቤልቱም ጠይቁ። ፋይቭ ኤልም ሆነ የድሮው ዲ ፎር ዲ ቤልት ነው ያላቸው፤ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል። መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ካልታየ አልተቀየረም ብላችሁ ሂሳቡን ዋጋው ላይ አስቡት። አዲሶቹ ባለ 2.4 እና ባለ 2.8 ሊትር ሀይሉክሶች በሰንሰለት ስለሚሠሩ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

የትኛው ስም?

ሀይሉክስ ውድ ነው፣ ስትሸጡትም ውድ ነው። ዕቃው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ እስከ ደብረ ብርሃን ሱቆች አይጠፋም። ዲማክስ ሞተሩ ጠንካራ ነው፣ በተመሳሳይ ገንዘብ የተሻለ ዓመተ ምህረት ልታገኙበት ትችላላችሁ። ኒሳንና ሚትሱቢሺ ኤል 200 የሚያውቃቸው መካኒክ ካላችሁ የሚናቁ አይደሉም። የቻይናዎቹን በጅምላ አልነቅፍም፣ በጅምላም አላመሰግንም። አንድ ዘዴ ላሳያችሁ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃ መሸጫ ግቡና የምታስቡትን መኪና የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፊት ፍሬን ሸራና የውሃ ፓምፕ ዋጋ ጠይቁ። ሦስቱንም መደርደሪያው ላይ ካሳዩአችሁ ጥሩ። "እናስመጣለን" ካሏችሁ መኪናው ያለ ሥራ የሚቆምበትን ጊዜም ዋጋው ውስጥ ጨምሩት።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን አስወደደ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ያረጀ መኪና ዋጋው እየወረደ ይሄዳል ብላችሁ አትጠብቁ። ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ለከተማ ሥራ ሊታሰብ ይችላል፤ ከሸዋ ሮቢት ተጭኖ ለሚወጣ ግን ዳገቱም ብርዱም ባትሪውን ስለሚበሉት የተጻፈለትን ኪሎ ሜትር ሙሉውን አትቁጠሩ።

ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ፣ በጣት እየነካችሁ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ዙሪያው የተበየደ ከመሰለ ጥላችሁ ውጡ። ሰሌዳው የግል ይሁን የንግድ እዩ፤ የኢንሹራንሱ ሂሳብ ይለያያል።

ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የበዛባት ከተማ ስለሆነች ቀረጥ ነፃ የገባ ፒክአፕ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። እንዲህ ያለ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ዋጋው ረከስ ያለበት ምክንያት ይኸው ሊሆን ስለሚችል ከጉምሩክ አጣሩ። የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት ደግሞ ፋይሉ ካለበት ትራንስፖርት ቢሮ ይጠየቃል።

በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው "መሸጥ" የሚለውን በግልጽ መያዙንና እስካሁን አለመሻሩን አረጋግጡ። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አይሠራም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛም ይፈርማል። ቀብድ ስትከፍሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ዋናው ገንዘብ ግን ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ሲፈረም በባንክ ይተላለፍ። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ እስከ መቼ እንደሆኑ እዩ። ስም ማዞሩንም ነገ ዛሬ አትበሉ፤ አደጋ ቢደርስ የሚጠራው ሊብሬው ላይ ያለ ሰው ነው፣ ሻጩም ይህንን ስለሚያውቅ ይተባበራችኋል።

ስትረከቡ ሁለተኛውን ቁልፍ፣ ክሪኩንና የጎማ መፍቻውን ተቀበሉ። ሀይሉክስ ከሆነ ስኮርቱ (ትርፍ ጎማው) ከመጫኛው ስር በሰንሰለት የተንጠለጠለ ነው፣ የሚወርደውም ከኋላ በምትገባ ረጅም ዘንግ ነው። ዘንጓ ብዙ ጊዜ ትጠፋለች። እዚያው ሻጩ ፊት ጎማውን አንዴ አውርዳችሁ መልሱት።